የተቃርኖ ቃላትን ይዞ ባዶ ቦታ መሙላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ለባዶው ቦታ የሚስማማውን ቃል ምረጡ» በሚለው ጥያቄ ላይ ተማሪዎችና ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ነጥቦች ከነመልሳቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

የተቃርኖ ቃል ማለት ምን ማለት ነው?

የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ቆይቶ የሚታጠፍበትን ቦታ የሚያሳይ ቃል ነው። «ግን»፣ «ነገር ግን»፣ «ዳሩ ግን»፣ «ሆኖም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ይሁንና»፣ «ቢሆንም»፣ «በአንጻሩ»፣ «በተቃራኒው»፣ «ሳይሆን»፣ «እንጂ» እና «ይልቅ» በፈተና ላይ በብዛት የሚመጡት ናቸው።

ጆሮ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። አንድ ሰው «ልጁ እኮ ጎበዝ ነው፣ ግን...» ብሎ ትንፋሽ ከወሰደ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነቀፋ መሆኑን ለመገመት የቋንቋ መምህር መሆን አያስፈልግም። ፈተናው የሚጠይቀው ይህንኑ በጽሑፍ ላይ ማየት ነው።

ቃላቱን ከነትርጉማቸው መሸምደድ አይሻልም?

ቃላት ማወቅ የግድ ነው። ነገር ግን ጥያቄ አውጪው አንድ መልስ ብቻ ትክክል እንዲሆን ከፈለገ፣ ማስረጃውን እዚያው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መተው አለበት። ከማስረጃዎቹ ሁሉ በቶሎ የሚታየው ተቃርኖ ነው። ስለዚህ ትርጉሙን የማታውቁት ቃል ላይ እንኳ መልሱን ልታገኙ ትችላላችሁ።

ይህን እዩ፦ «በስብሰባው ላይ ሌሎቹ ሲለፈልፉ ዋሉ፤ እሷ ግን እንደ ልማዷ ____ ሆና ቆየች።» ሀ. ቀባጣሪ፣ ለ. ጭምት፣ ሐ. ወረተኛ፣ መ. አባካኝ። «ጭምት» የሚለውን ቃል ሰምታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም «ግን» የሚለው ቃል ከለፍላፊነት የራቀ ጠባይ እንድትፈልጉ ያደርጋችኋል። «ቀባጣሪ» ከመለፍለፍ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ይወጣል። «ወረተኛ» እና «አባካኝ» ከንግግር ጋር ጉዳይ የላቸውም። የቀረው «ጭምት» ነው፤ ትርጉሙንም በዚያው ተማራችሁ።

ጥያቄውን ሳየው ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ አማራጮቹን በእጃችሁ ሸፍኑ። አራቱን ቃላት አስቀድሞ ያነበበ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን የሚያነበው ለአንዳቸው ማስረጃ እየፈለገ ነው፤ አራቱም ደግሞ እንዲመስሉ ተደርገው የተመረጡ ናቸው። ቀጥላችሁ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ አንብቡና የተቃርኖ ቃሉን አክብቡት። ከዚያ ቃሉ ምንን ከምን ጋር እንደሚያጋጥም ለዩ፤ ከባዶው ማዶ ባለው ፍንጭ ላይም አስምሩ። አሁን ከራሳችሁ አፍ የሚመጣውን ተራ ቃል ባዶው ላይ ጻፉ። ቃል ካልመጣላችሁ የመደመር (ለመልካም ቃል) ወይም የመቀነስ (ለመጥፎ ቃል) ምልክት ይበቃል። እጃችሁን ከአማራጮቹ ላይ የምታነሡት ከዚህ በኋላ ነው።

ለምሳሌ፦ «አባትየው የተራበ አብልተው፣ የታረዘ አልብሰው የማይጠግቡ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ግን ____ ሆነ።» ሀ. ድሃ፣ ለ. ንፉግ፣ ሐ. ትሑት፣ መ. ሰነፍ። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «ነጋዴ» የሚለውን ይዞ «ድሃ» ይላል። ይሁን እንጂ ስለ አባትየው የተነገረው ሀብታቸው አይደለም፤ እጃቸው ነው። ማብላትና ማልበስ ላይ ያሰመረ ሰው ከአፉ «ስስታም» ይወጣል፤ አማራጮቹን ሲገልጥ «ንፉግ» ቁጭ ብሎ ያገኘዋል።

በመጨረሻ የመረጣችሁትን ቃል ከትታችሁ ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ይህን የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው። ከተለማመዳችሁት ግን ጠቅላላው ሥራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምንም የተቃርኖ ቃል አይታየኝም። የት ነው የሚደበቀው?

ብዙውን ጊዜ ግሡ ውስጥ። አማርኛ ተቃርኖን ለብቻው በቆመ ቃል ብቻ አይናገርም፤ ግሡን ከፊት በ«ብ» ከኋላ በ«ም» ያቅፈዋል፦ ብሄድም፣ ብትሄድም፣ ቢሄድም፣ ብንሄድም፣ ቢሄዱም። አሉታው ደግሞ ባልሄድም፣ ባትሄድም፣ ባይሄድም፣ ባንሄድም ይላል። «ምንም እንኳ» ከፊት ቢመጣ ኖሮ ማስጠንቀቂያ ይሆን ነበር፤ ፈተና ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ስለዚህ እርሳሳችሁ የግሡ ጫፍ ላይ ያለችውን «ም» መክበብ ይልመድ።

ሌላው መደበቂያ «እየ» ነው። «ገንዘብ እያለው ተበደረ» ማለት ገንዘብ ቢኖረውም ተበደረ ማለት ነው። «እየዘፈነ ይሠራል» ግን ተቃርኖ የለውም፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ለመለየት «እየ»ን በ«ቢ...ም» ተኩት። ትርጉሙ ካልተናጋ ተቃርኖ ነው።

«ቢያጠና» እና «ቢያጠናም» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የመልሱን አቅጣጫ የሚገለብጥ ልዩነት ነው። ሁለቱን አነጻጽሩ፦ «ዘሩ በጊዜው ቢዘራ ኖሮ ምርቱ ____ ይሆን ነበር።» «ዘሩ በጊዜው ቢዘራም ምርቱ ____ ሆነ።» የመጀመሪያው ላይ መልሱ «የተትረፈረፈ» ነው፤ መልካም ሥራ መልካም ውጤት ይጠራልና። ሁለተኛው ላይ መልሱ «መናኛ» ይሆናል። የተለወጠው ትልቁ ነገር አንዲት «ም» ናት። «ቢ» ብቻውን «ከሆነ» ማለት ነው፤ «ም» ሲጨመርበት «ሆኖም እንኳ» ይሆናል።

ሁሉም «ም» ግን ተቃርኖ አይደለም። «እሱም መጣ» ሲባል መደመር ነው። «ቢመጣም ባይመጣም» ሲባል ደግሞ መምጣቱም መቅረቱም ለውጥ አያመጣም ማለት ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ባዶ ቢመጣ «ግድ የለኝም» ወደሚል መንፈስ ሂዱ።

«ሆኖም»፣ «ስለሆነም»፣ «ቢሆንም»፣ «በመሆኑም» ይምታቱብኛል። እንዴት ልለያቸው?

ሁሉም ከ«ሆነ» የወጡ ስለሆኑ ዓይን በቅርጻቸው ብቻ አልፏቸው ይሄዳል። «ሆኖም» እና «ቢሆንም» ያጥፋሉ። «ስለሆነም» እና «በመሆኑም» ቀጥ ብለው ይወስዳሉ፤ ምክንያትን ከውጤት ጋር የሚያያይዙ ናቸውና። «መንገዱ ጭቃ ቢሆንም መኪናው ____ ደረሰ» ከተባለ «በሰዓቱ»፤ «መንገዱ ጭቃ በመሆኑ መኪናው ____ ደረሰ» ከተባለ «ዘግይቶ»።

ሳልሷ «ቢ» ከግዕዟ «በ» የምትለየው ከቀኝ እግሯ ግርጌ ባለች ትንሽ ቅጥያ ብቻ ነው። ተደጋግሞ ፎቶ ኮፒ በተደረገ የፈተና ወረቀት ላይ ያቺ ቅጥያ ትደበዝዛለች። ከተጠራጠራችሁ የቃሉን ቀሪ ፊደላት ተመልከቱ፦ ተቃርኖው ላይ «ሆን»፣ ምክንያቱ ላይ «መሆን» አለ። «መ» ካያችሁ የሐሳቡን አቅጣጫ አትገልብጡ።

ተቃራኒ ቃሉን በትክክል መርጬ መልሱ ስህተት ሆነ። ለምን?

የተቃርኖ ቃል ሁሉ «ተቃራኒ ፍቺ ፈልግ» አይልም። ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ነው በደንብ መያዝ ያለበት፤ ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ነጥብ የሚጥሉት እዚህ ነውና። ሦስት ዓይነት መታጠፍ አለ። አንደኛው ሁለት ነገሮችን ፊት ለፊት ያቆማል፤ «በአንጻሩ»፣ «በተቃራኒው» እና በሁለት ሰዎች መካከል የገባ «ግን» እዚህ ይመደባሉ። «ታላቁ ችኩል ነው፤ ታናሹ በአንጻሩ ____ ነው» ቢባል ቀጥተኛ ተቃራኒ ይሠራል፤ «ታጋሽ» ትሉና ታልፋላችሁ።

ሁለተኛው የተጠበቀው ነገር መቅረቱን ይናገራል፤ «ቢ...ም» እና «ሆኖም» በአብዛኛው የዚህ ናቸው። «ሕመሙ የጸናበት ቢሆንም አነጋገሩ ____ ነበር።» ሀ. ጤነኛ፣ ለ. ጥርት ያለ፣ ሐ. የተቆራረጠ፣ መ. ተላላፊ። የሕመም ተቃራኒ ጤና ስለሆነ «ጤነኛ» ላይ መዝለል ይቀናል። ባዶው ግን ስለ ጤናው አይጠይቅም፤ ስለ አነጋገሩ ነው። «ሕመም ከጸናበት ሰው ምን ዓይነት አነጋገር ይጠበቃል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የተቆራረጠ፣ የደከመ። አሁን ያንን ገልብጡት፤ «ጥርት ያለ» ይመጣል። መጀመሪያ የሚጠበቀውን መናገር፣ ከዚያ መገልበጥ፤ መካከለኛውን እርምጃ የዘለለ ይወድቃል።

ሦስተኛው ማረሚያ ነው፤ «ሳይሆን» እና «እንጂ» አንዱን አንሥተው በቦታው ሌላ ይተካሉ። የሚተካው ተቃራኒ ላይሆን ይችላል፤ ጎረቤት ቃልም ይሆናል። «ስህተቱ የተንኮል ሳይሆን የ____ ውጤት ነው።» ሀ. ደግነት፣ ለ. ቸልተኝነት፣ ሐ. ክፋት፣ መ. ጥበብ። የተንኮል ተቃራኒ ወደ ደግነት ይጠጋል፤ ሆኖም ስህተት ከደግነት ተወለደ የሚያሰኝ ምንም ፍንጭ የለም። እንደ ተንኮል ሁሉ የስህተት ምንጭ ሊሆን የሚችል፣ በቦታውም የሚተካ ቃል «ቸልተኝነት» ነው።

«እንጂ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ላይ የትኛው ወገን ነው የሚፈርሰው?

አሉታ ያለበት ወገን፤ የትም ይቀመጥ። «ብልህ እንጂ ሞኝ አይደለም» እና «ሞኝ አይደለም፤ ብልህ ነው እንጂ» አንድ ናቸው። ስለዚህ «____ እንጂ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም» ሲባል ባዶው የተረፈው፣ የጸናው ወገን ስለሆነ «የሚያኮራ» ይገባዋል። ባዶው ከ«አይደለም» ጋር ከተቀመጠ ደግሞ የሚፈርሰውን ቃል ፈልጉ።

«ያውቃል እንጂ አይናገርም» ሲባል «እንጂ» እንደ «ግን» ሆኖ ይሠራል። «ይሁን እንጂ» ደግሞ እንደ አንድ ቃል ይታይ፤ «ሆኖም» ማለት ነው።

«ደግሞ»፣ «ሲሆን» እና «እንኳን» የተቃርኖ ቃላት ናቸው?

በራሳቸው አይደሉም። «አንዱ ታታሪ ሲሆን ሌላው ደግሞ ____ ነው» የሚል ጥያቄ ባዶውን በ«ሰነፍ»ም በ«አስተዋይ»ም ሊያስሞላ ይችላል፤ እነዚህ ቃላት መስመር ላይ ከማሰለፍ በላይ ምንም አይናገሩም። እነሱን ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ፤ ሌላ ፍንጭ ፈልጉ።

«እንኳን» የባሰ አደገኛ ነው። «እንኳን ለባዕድ ለገዛ ልጆቹ የማይራራ ____ ሰው» ሲባል ሐሳቡ አይታጠፍም፤ እየከረረ ይሄዳል፤ መልሱም «ጨካኝ» ነው። «ይቅርና» ሲጨመርበትም ያው ነው። ከ«ምንም እንኳ» ጋር አታምታቱት፤ «ምንም» ከፊቱ ካለ ተቃርኖ እየመጣ ነው፤ ከሌለ ግን ቆም ብላችሁ አጣሩ።

አያያዥ ቃል ጨርሶ ከሌለስ?

ተቃርኖው በአቀማመጥ ሊነገር ይችላል። «አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ» የሚለው ብሂል ውስጥ «ግን» የለም፤ አፍና ልብ፣ ቅቤና ጩቤ ጎን ለጎን መቆማቸው ብቻ በቂ ነው። ፈተና ላይም «ድሮ» ከ«ዛሬ»፣ «ላይ ላዩን» ከ«ውስጡ»፣ «በወሬ» ከ«በተግባር»፣ «ከሩቅ ሲያዩት» ከ«ሲቀርቡት» ጋር ሲጋጠሙ ተመልከቱ። «መስሎ»፣ «የሚመስለው»፣ «የተባለለት»፣ «ተብሎ የተጠበቀው» የሚሉትም እውነቱ ሌላ መሆኑን ይጠቁማሉ። «ከሩቅ ሲያዩት ኮስታራ የሚመስለው ዳኛ፣ ቀርበው ሲያነጋግሩት ____ ነው።» ሀ. ግልፍተኛ፣ ለ. ገራገር፣ ሐ. ጨካኝ፣ መ. ግዴለሽ። «ገራገር» ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ «እንደ ድሮው ዛሬም» ከተባለ «እንደ» እና «ም» ተቃርኖውን አጥፍተውታል። የጊዜ ቃላቱ መኖራቸው ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ድርብ ሰረዝም (፤) እንዲሁ ነው፤ ሁለት ሐሳቦችን ያያይዛል እንጂ ወዴት እንደሚሄዱ አይናገርም።

አሉታና ተቃርኖ ሲደራረቡ ጭንቅላቴ ይዞራል። ምን ላድርግ?

በትንንሽ ዓረፍተ ነገር ሰባብሩት። «ንፉግ ባይሆንም ____ ነው ሊባል ግን አይችልም» የሚለውን ውሰዱ። አንድ፦ ንፉግ አይደለም። ሁለት፦ ንፉግ ካልሆነ ለጋስ ነው ብሎ ሰው ይገምታል። ሦስት፦ «ግን» እና «አይችልም» ያንን ግምት ከለከሉ። የተከለከለው ቃል «ለጋስ» ስለሆነ ባዶው የእሱ ነው። ሰውየው መካከል ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ ጥያቄ አውጪዎች ይህን መካከለኛ ቦታ ይወዱታል።

አሉታ «አል...ም» ለብሶ ብቻ አይመጣም። «አልባ»፣ «የለሽ»፣ «ቢስ»፣ «ኢ» (ኢፍትሐዊ እንደሚለው) እና «ያለ» (ያለ ጥንቃቄ እንደሚለው) ሁሉ አሉታ ናቸው። ግሦችም አሉ፦ ተሳነው፣ ታቀበ፣ ተቆጠበ፣ ነፈገ። «ጓደኞቹ መምህሩን ሲያወድሱ እሱ ከ____ ተቆጠበ» ሲባል መልሱ ራሱ «ማወደስ» ነው፤ መታጠፉን «ተቆጠበ» ሠርቶታልና እናንተ ሁለተኛ ጊዜ አትገልብጡት።

ሁለት አማራጮች ትክክል ከመሰሉኝ በምን እለያቸዋለሁ?

በቃናቸውና በመጠናቸው። የ«አባካኝ» ተቃራኒ «ቆጣቢ»ም «ንፉግ»ም ሊሆን ይችላል። አንዱ ግን ሙገሳ ነው፣ ሌላው ስድብ። «በወጣትነቱ አባካኝ የነበረው ሰው ዛሬ ____ ሆኖ ልጆቹን በሚገባ ያስተምራል» ከተባለ ቀሪው ዓረፍተ ነገር እያመሰገነው ስለሆነ «ቆጣቢ» ነው። «ዛሬ ____ ሆኖ ለልጆቹ ደብተር መግዣ እንኳ ይሰስታል» ከተባለ «ንፉግ» ይሆናል። ተቃርኖው ሁለቱንም ያስገባል፤ በሩን የሚዘጋው ከባዶው በኋላ ያለው ሐረግ ነው።

መጠንም እንዲሁ ይታያል። «ሞቃት» ለሚል ፍንጭ «ቀዝቃዛ» እንጂ «የሚያንዘፈዝፍ» አያስፈልግም። ፍንጩ ለስላሳ ከሆነ መልሱም ለስላሳ ይሁን።

ባዶ ቦታው ሁለት ሲሆንስ?

ምልክት ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ። «የሕንጻው ውጫዊ ገጽታ ____ ቢሆንም ውስጡ ግን ____ ነው።» ሀ. ማራኪ — ምቹ፣ ለ. ያረጀ — የፈራረሰ፣ ሐ. ያልተዋበ — የተደራጀ፣ መ. ሰፊ — ረጅም። ምንም ፍንጭ የለም፤ የምታውቁት ሁለቱ ቃላት የተለያየ ምልክት እንዳላቸው ብቻ ነው። «ሀ» ሁለት መደመር፣ «ለ» ሁለት መቀነስ ስለሆኑ ይወጣሉ። «መ» ስፋትና ርዝመት ነው፤ አይጋጩም። «ሐ» ብቻ ይቀራል። ከጥንዱ አንዱ ቃል ካልሠራ ሌላው የቱንም ያህል ቢያምር ጥንዱን በሙሉ ሰርዙት።

ባዶው ራሱ አያያዥ ቃሉ ከሆነ?

ሥራው ይገለበጣል፤ ምልክቱን ከሁለቱም ወገን አንብባችሁ ማጋጠሚያውን ትመርጣላችሁ። «ሌሊቱን ሙሉ ስታጠና አደረች፤ ____ በፈተናው ሰዓት ንቁ ነበረች።» እንቅልፍ ማጣት ድካም ይጠራል፤ የመጣው ንቃት ነው፤ ስለዚህ «ሆኖም» እንጂ «ስለዚህ» አይሆንም።

አማራጮቹ ውስጥ ሁለት የተቃርኖ ቃላት ካሉ መቀመጫቸውን ፈትሹ። «ነገር ግን» እና «ይሁንና» ሁለተኛውን ሐሳብ ይከፍታሉ። «ሳይሆን» ከሚነሣው ቃል ኋላ ይቆማል። «ይልቅ» ከፊቱ «ከ» ይፈልጋል፦ ከማውራት ይልቅ። «ቢሆንም» ከኋላ ሲጣበቅ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል፦ እሷ የደከመች ብትሆንም፣ እነሱ የደከሙ ቢሆኑም።

ቤት ውስጥ እንዴት ልለማመድ?

የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ወይም አስተያየት ገጽ ያዙ፤ ክርክር ያለበት ጽሑፍ መታጠፊያ ይበዛዋል። ወንድም ወይም እህት ከ«ግን» በኋላ ያለውን ቁልፍ ቃል በወረቀት ይሸፍንላችሁ፤ ገምቱና ምክንያታችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። በቀን አምስት ይበቃል። ቃላትንም በጥንድ፣ ከነዓረፍተ ነገራቸው መዝግቡ፦ ለጋስና ንፉግ፣ ዘላቂና ጊዜያዊ፣ ጥብቅና ልል፣ ጠንቃቃና ቸልተኛ። የተሳሳታችሁበትን ጥያቄ ስትመዘግቡ መልሱን ብቻ አትጻፉ፤ ያሳሳታችሁን ቃል ጻፉ።

ይህ ዘዴ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ይሠራል?

እንግሊዝኛም አፕቲትዩድም (የማመዛዘን ችሎታ የሚለካው ፈተና) በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ናቸው፤ እርምጃዎቹም ያው ናቸው። ልዩነቱ እዚያ የተቃርኖ ቃሉ ለብቻው ቆሞ ስለሚታይ ማግኘቱ ይቀላል፦ በት፣ ሀውኤቨር፣ ኦልዞው፣ ዴስፓይት፣ ዌርአዝ፣ አንላይክ፣ ኢንስቴድ ኦፍ። «ዬት» እና «ዋይል» ሁለት ፊት አላቸው። «ዬት» አንዳንዴ «ግን»፣ አንዳንዴ «ገና» ነው፤ «ዋይል» ደግሞ «ሳለ» ወይም «ሲሆን» ሊሆን ይችላል። ዐውዱን ሳታዩ አትክበቧቸው።

ከአማርኛ ይዘነው የምንሄደው አንድ ስህተት አለ። እኛ «ቢደክመውም ሥራውን ግን አልተወም» ብለን ተቃርኖውን ሁለት ጊዜ ብንናገር ያምራል። እንግሊዝኛ አይፈቅድም፤ «ኦልዞው» ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር መካከል ላይ «በት» ካስገባችሁ ስህተት ነው። ደግሞም «ኦልዞው» ባለቤትና ግሥ ያለው ሐረግ ሲያስከትል፣ «ዴስፓይት» ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ቃል ያስከትላል። ባዶው የአያያዡ ቦታ ከሆነ ይህ ብቻውን መልሱን ይሰጣችኋል።

ለኤስኤቲ ወይም ለጂአርኢ ለሚዘጋጁስ?

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችንም፣ ከአዲስ አበባ ሆነው ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱትም ይህን ይጠይቃሉ። ኤስኤቲ (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) የቀድሞውን የባዶ ሙላ ክፍል በ2016 እ.ኤ.አ. አስቀርቶ ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር የሚሰጠው ፈተና ግን አጭር አንቀጽ ውስጥ ባዶ ትቶ ቃል የሚያስመርጥ ጥያቄ አለው። አያያዥ ቃል የሚያስመርጥም እንዲሁ።

ጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ላይ ባዶው ከ1 እስከ 3 ይደርሳል። አንድ ባዶ ከሆነ 5 አማራጭ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ 3 አማራጭ ይቀርባል፤ ሁሉንም ካላገኙ ነጥብ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ባዶ መጀመር ግዴታ አይደለም፤ የተቃርኖው ፍንጭ ወደሚቀርበው ባዶ ሄዳችሁ እሱን አስቀድሙ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢታጠፍስ?

በየመታጠፊያው ምልክት እየጻፋችሁ ሂዱ። «መጽሐፉ ወፍራም ቢሆንም አያሰለችም፤ ይሁን እንጂ መጨረሻው ____ ስለሆነ አንባቢውን ቅር ያሰኛል።» ሀ. ልብ አንጠልጣይ፣ ለ. የተቻኮለ፣ ሐ. አርኪ፣ መ. ዝነኛ። ውፍረቱ መቀነስ፣ አለማሰልቸቱ መደመር፣ ከ«ይሁን እንጂ» በኋላ እንደገና መቀነስ። «አርኪ»፣ «ልብ አንጠልጣይ» እና «ዝነኛ» ምስጋና ናቸው፤ «የተቻኮለ» ብቻ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሌላ ረዳት እንዳለ አስተውሉ፦ «ስለሆነ»። ባዶውን ቀጥ አድርጎ ከ«ቅር ያሰኛል» ጋር ያስረዋል። ተቃርኖና ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተገናኙ ከምክንያቱ ጀምሩ፤ እሱ ከባዶው ጋር የሚገናኘው ሳይታጠፍ ነውና የመሳሳቻ መንገዱ ያንሳል። በተቃርኖው ደግሞ የደረሳችሁበትን አረጋግጡ። ሁለቱ የተለያየ ምልክት ከሰጧችሁ አንዱን መታጠፊያ ዘላችሁታልና የግሦቹን ጫፍ እንደገና እዩ፤ አንዲት «ም» ሳትከበብ ቀርታ ይሆናል።